ኧረ በሞቴ ይቅደሙ

ዛሬ ጠዋት ከሰፈራችን ካፌ በር ላይ ሁለት አዛውንቶች ተገናኙ። ሁለቱም ሊገቡ ነው። በሩ ደግሞ የሚያሳልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሁለተኛው ክንፍ መቀርቀሪያ ከተበላሸ ዓመት ሞልቶታል።

«ይቅደሙ» አሉ ባለባርኔጣው፣ ከወገባቸው ሰበር ብለው።

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ እያሉ?»

«በሞቴ ይቅደሙ!»

«እኔ አፈር ስሆን!»

ከኋላቸው እኔ ቆሜያለሁ። ከእኔ ኋላ ለካፌው ውሃ የሚያቀርብ ጎረምሳ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ቆሟል። ጀሪካኑን አወረደ። ነገሩ ያለቀ ሲመስለው መልሶ ተሸከመ። አላለቀም፤ «እኔ አፈር ስሆን» ገና መጀመሪያው ነበር። ደግሞ አወረደ። በመጨረሻ ሁለቱም አዛውንቶች ባንድ አፍታ ተሸነፉና እኩል ገቡ፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀውም በሩ መሃል ቀሩ። ከኋላ ገፋ አድርጌ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

ውስጥ የዘወትሩ ጠረጴዛ ሞልቷል። አንዱ ስልኩን መሃል ላይ አስቀምጦ ፎቶ ያስጎበኛል። ባሕር ማዶ የሄደ አንድ መሪ ከጋባዡ አገር ሹም ጋር ሲጨባበጥ ነው። የትኛው መሪ እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም፤ ሰውዬው በየወሩ ይቀያየራል እንጂ ክርክሩ ያው ነው። ምስሉን በሁለት ጣት ለጠጡት። ትከሻ አዩ፣ አንገት አዩ፣ አገጭ አዩ።

«ጎንበስ ብሏል።»

«አልጎነበሰም፤ ረጅም ስለሆነ ነው።»

«እስኪ ክብሪት ስጡኝ» አለ ሦስተኛው። አንዲት የክብሪት እንጨት ስክሪኑ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመና ከሰውዬው ጀርባ ጋር አስተያያት። እንጨቷና ጀርባው አልተስማሙም።

ባለባርኔጣው የገቡት እዚህ ላይ ነው። «መሪማ ቀና ነው የሚለው! አገር ተሸክሞ እንዴት ይጎነበሳል?» አሉ፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ። እኒህ ሰው ከሁለት ደቂቃ በፊት በር ላይ ባርኔጣቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር።

በጀርባ ለኪነት ግን ብቻችንን አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2009 መገባደጃ ባራክ ኦባማ ቶኪዮ ላይ ከንጉሠ ነገሥት አኪሂቶ ጋር ሲገናኙ እጃቸውን ሰጡ፤ በዚያው ከወገባቸው ዝቅ አሉ። ዋሽንግተን ታመሰች። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለዘውድ አይጎነበስም ያለ ተነሣ፤ የኦባማ ሰዎች ፕሮቶኮል ነው ብለው መለሱ። የጃፓንን ወግ እናውቃለን የሚሉት ደግሞ ወይ ይጨበጣል ወይ ይጎነበሳል እንጂ ሁለቱን ባንድ ላይ ማድረግ የለም ብለው ሌላ እንከን አወጡ። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኦባማ ለንደን ላይ ለሳዑዲው ንጉሥ አብደላ ጎነበሱ ተብሎ ወሬ ሲነሣ ከዋይት ሐውስ በኩል የተሰጠው ማስተባበያ፣ አልጎነበሱም፣ ረጅም ስለሆኑ ነው የሚል ነበር። ካፌያችን ከዋይት ሐውስ የሚያንስበት የለም ማለት ነው።

ያንን የቶኪዮ ፎቶ አያቴ ብታየው ምን እንደምትል አውቃለሁ። ቀኝ እጅ ይሰጣል፣ ግራው ከክንድ ሥር ደገፍ ይደረጋል፣ ወገብ ዝቅ ይላል፤ እኛ ቤት ይህን ሳይማር ያደገ ልጅ አልነበረም፣ የረሳም ኩርኩም ይቀምስ ነበር። አኪሂቶ ያን ጊዜ የ75 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ኦባማ ገና 48። በአያቴ ሒሳብ ጉዳዩ እዚያው ላይ ያልቃል። ልጅ አባቱን ሰላም አለ። «አሳዳጊህ ይባረክ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ጉልበትም ተለክቷል። የምዕራብ ጀርመኑ መራሔ መንግሥት ቪሊ ብራንት እ.ኤ.አ. በ1970 ዋርሶ ሄደው የአይሁድ ጌቶ መታሰቢያ ፊት አበባ ካኖሩ በኋላ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተንበረከኩ። ዴር ሽፒገል መጽሔት አገሬውን አስጠየቀ፤ 48 በመቶው በዛ አለ፣ 41 በመቶው ልክ ነው አለ። ሰውዬው ራሳቸው ናዚን ሸሽተው በስደት የኖሩ ናቸው። በራሳቸው ስም የሚጠየቁበት በደል አልነበረም፤ ጉልበታቸው ግን በመቶኛ ወጣለት።

ወደ በራችን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2000 ካምፕ ዴቪድ ላይ ለድርድር የተሰበሰቡት ቢል ክሊንተን፣ ያሲር አራፋትና ኤሁድ ባራክ በዛፎቹ መሃል እየተጨዋወቱ መጥተው ከአንድ የእንጨት ቤት በር ደረሱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ልክ የእኛው ካፌ ነው። አራፋት በእጃቸው ይቅደሙ አሉ። ባራክ አይሆንም፣ እርስዎ አሉ። ክንድ ተያያዙ፣ ጣት ተወዛወዘ፣ ክሊንተን ሳቁ። በመጨረሻ ባራክ ከኋላ ሆነው አራፋትን ገፍተው አስገቡ። ካሜራ ሁሉንም ቀድቶታል፤ የተመለከተው ዓለም በሳቅ ፈረሰ።

እኛ ግን እናውቀዋለን። «ይቅደሙ» የሚል ሰው ሁልጊዜ ዝቅ እያለ አይደለም። ቅደም የሚለው ባለቤት ነው። እሱ ካስገባኝ ቤቱ የሱ ሆነ፣ እኔ እንግዳ ሆንኩ። ሒሳብ ላይ የምንታገለውም ይህንኑ ነው። አስተናጋጇን መሃል አስገብተን፣ አንዱ ብሩን ከእጇ ሲነጥቅ ሌላው በአፕሮኗ ኪስ ሲወትፍ፣ «በሞቴ» እና «ሙት ስልህ» ሲወራወር ያየ ሰው ደም ሊፋሰሱ ነው ይላል። ሁለት ማኪያቶ ነው። የከፈለው ሰው ግን ያን ሳምንት ድምፁ ይለወጣል፤ በየጨዋታው መሃል «ባለፈው እንኳ…» ይላል።

ደግሞ ትሕትናው የሚታየው እኩያ ለእኩያ፣ ወይም ወደ ላይ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ከሁላችንም ከባድ ነገር የተሸከመው የጀሪካኑ ልጅ ነበር። እሱን «ቅደም» ያለው የለም። እኔም አላልኩትም።

«ይቅደሙ» የተባባሉበት የካምፕ ዴቪዱ ስብሰባም ሁለት ሳምንት ፈጅቶ ያለ ስምምነት ተበተነ።

መቅደም የሚወድ ሰው በግልጽ ሲቀድም ደግሞ አንችልም። እ.ኤ.አ. በ2017 ዶናልድ ትራምፕ ብራሰልስ ውስጥ በኔቶ ስብሰባ ላይ የሞንቴኔግሮውን ጠቅላይ ሚኒስትር ዱሽኮ ማርኮቪችን በክንዳቸው ገለል አድርገው ወደ ፊት አለፉ፤ ካለፉ በኋላም ኮታቸውን አስተካከሉ። ካፌያችን ባንድ ድምፅ «አሳዳጊ የበደለው!» አለ። ማርኮቪች ግን ፈገግ አሉ። ሲጠየቁም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከፊት ቢቆሙ ምን ይገርማል የሚል መልስ ሰጡ። እሳቸው ሊገቡበት የፈለጉት በር ሌላ ነበር፤ ከ11 ቀን በኋላ አገራቸው የኔቶ አባል ሆነች።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የወንበሩ ጉዳይ ነው። አገር ቤት ሰው ሲገባ «ኖር!» ይባላል። የተቀመጠ ይነሣል፤ የገባው «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጣል። በርጩማም ቢሆን ይለቀቃል። የተለቀቀለት እንግዳ «ኧረ እኔ እዚህ ይበቃኛል» ብሎ ደፉ ላይ ሊቀመጥ ይሞክራል፤ ባለቤቱ ክንዱን ይዞ ወደ ላይ ይጎትታል። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም ሁሉም መቀመጫ ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2021 አንካራ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሦስት ሰዎች ገቡ፦ ጋባዡ ኤርዶዋን፣ የአውሮፓ መሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሻርል ሚሼል፣ የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ደር ላየን። ባንዲራዎቹ ፊት ያሉት ወንበሮች ሁለት ናቸው። ሁለቱ ወንዶች ተቀመጡ። ወይዘሮዋ ቆሙ። እጃቸውን ዘርጋ አድርገው «እህም» አሉ፤ እናቶቻችን ታክሲ ውስጥ ጎረምሳ አልነሣም ሲላቸው የሚያሰሙት፣ በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የማያስፈልገው ያ «እህም» ነው። የተነሣ የለም። ፈንጠር ብሎ ወዳለው ሶፋ ሄደው፣ ከቱርኩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ትይዩ ተቀመጡ።

ከዚያ ፕሮቶኮል የሚሉት ነገር መጣ። ቱርኮቹ አቀማመጡን ከእንግዶቹ ሰዎች ጋር ተነጋግረንበታል አሉ። የሕግ አዋቂ ነኝ ያለ ሁሉ ከሁለቱ ባለሥልጣናት የማን ማዕረግ እንደሚቀድም መተንተን ያዘ። ሚሼል ነገሩ ሌሊት እንቅልፍ እንደነሣቸው ተናገሩ። ፎን ደር ላየን አውሮፓ ፓርላማ ቀርበው እንደ ሴትም እንደ አውሮፓዊትም እንደተጎዱና ብቻቸውን እንደቀሩ ገለጹ። ሁሉም የየራሱ መልስ አለው። የጠፋው ከሁለቱ ጎልማሶች አንዱ ብድግ ማለቱ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ጤነኛ ጉልበት እንጂ የፕሮቶኮል ሹም አልነበረም። ሚሼል ለአንድ አፍታ ተነሥተው ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት ለጥ ብለው ባደሩ።

አልፈርድባቸውም። እኔም ታክሲ ውስጥ እናት ሲገቡ በመስኮት የውጪውን ማስታወቂያ በታላቅ ትኩረት ያነበብኩባቸው ቀናት አሉ።

ይሉኝታም ሲበዛ ጣጣ አለው። ትልቁ ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ቶኪዮ ነበሩ። ሕመም ጀማምሯቸዋል። ቀን ከንጉሠ ነገሥቱና ከአልጋ ወራሹ ጋር ቴኒስ ገጥመው ተሸንፈዋል። ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር ሚያዛዋ የጋበዟቸው እራት አለ። አሞኛል ብሎ መቅረት የማይቻልበትን ግብዣ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለምና የሰውዬው ጭንቅ ይገባናል። ሄዱ። ማዕዱ መሃል ጋባዡ ላይ አስመለሳቸውና ከወንበራቸው ተንሸራተቱ። ሚያዛዋ የእንግዳቸውን ራስ ደግፈው ያዙ። ጃፓኖች ከዚያ በኋላ ለማስመለስ «ቡሽ ማድረግ» የሚል ቃል አወጡ ይባላል፤ ራስ ደግፎ ለመያዝ ግን «ሚያዛዋ ማድረግ» የሚል ቃል ሲወጣ አልሰማሁም።

ሽኝትም አለ። ሁለት ወዳጆች «ልሸኝህ» ተባብለው፣ አንዱ ሌላውን እደጁ ሲያደርስ የደረሰው ደግሞ «አሁንማ ብቻህን አትመለስም» ብሎ መልሶ ሲሸኝ፣ ሌሊቱ የሚያልቅበት ወግ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ፑቲን ፒዮንግያንግ ሄደው በስጦታ በሰጡት አውሩስ መኪና እሳቸው ኪምን ያዙና ነዱ፤ ቀጥሎ ኪም መሪውን ተረከቡና እሳቸውን ነዱ። የጠባቂዎቹን ላብ ሳስበው አዘንኩ።

የእኛን ሳላነሣ ብቀር ደግሞ ካፌው ነገ አያስገባኝም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ሊናገሩ ሲሉ ከሰገነቱ ላይ የጣልያን ጋዜጠኞች ያፏጩ ጀመር። ፉጨቱ ጩኸት ጨመረ። የሮማኒያው ቲቱለስኮ ተነሥተው እነዚህን አረመኔዎች አስወጡ ብለው እስኪጮኹ፣ ጠባቂም መጥቶ እስኪያወጣቸው ጃንሆይ ወረቀታቸውን ይዘው ቆሙ። አልጎነበሱም፣ አልተቆጡም፤ ጠበቁ። ዝም ሲል ጀመሩ፤ ፈረንሳይኛውን አጥርተው እያወቁት፣ በአማርኛ። ከጨዋነታቸው የተረፋቸው ጭብጨባ ነው። ማኅበሩ በቀናት ውስጥ በጣልያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ ለማንሣት ወሰነ።

እኒሁ ጄኔቫ ላይ ያፏጨባቸውን ታግሠው የጠበቁ ንጉሥ አገር ቤት ሲያልፉ ሕዝቡ መሬት ይስም ነበር። ይህን ስል ባለባርኔጣው ዓይናቸውን አጉረጠረጡብኝ። እኔ ምን ላድርግ፤ «የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ» የሚለውን ተረት አያቶቻችን ያወጡት ለክፉ ባል ይሁን እንጂ ለሹምም ልክክ ይላል። ባሕር ማዶ ቦርሳውን ራሱ ይዞ ከአውሮፕላን የሚወርድ፣ የሆቴል በር ጠባቂ የሚጨብጥ፣ የሰው አገር ሕፃን የሚስም ሹም የትም አገር ሞልቷል። ፎቶውም ያምራል። ቤቱ ሲመለስ ነው አስፋልቱ የሚዘጋለት።

ባንድ የጉባኤ ሰሞን ሚኒባስ ውስጥ ተዘግቶብን ቆምን። ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ ደቂቃ። ረዳቱ ወርዶ ሲጋራ ለኮሰ። ሞተሮቹ አለፉ፣ ጥቋቁር መኪኖች አለፉ፣ አምቡላንስ አለፈ፣ እንደገና ሞተሮች። ጋቢና የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለማንም ሳይሆን ለመስታወቱ እንዲህ አሉ፦

«ይቅደሙ፣ ይቅደሙ። እኛ ምን አለብን።»

እኔ የምለው፣ ጨዋነት በጀርባ ከሚለካ በፖስታ ቢለካስ? በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጅነት የሚፈልግ፣ መልእክተኛ ልላክ የሚል፣ ወጉን የጠበቀ ደብዳቤ ነው። ለንደን ደረሰ። ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገባ። እዚያው ቀረ። ማንም ንጉሡን አልሰደበም፣ ማንም አንገቱን አላቀናባቸውም። ዝም ብቻ ተባሉ። አንድ ዓመት ጠበቁ፤ በ1856 የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩት። መልሱ የተገኘው ያኔ ነው! ሆርሙዝድ ራሳም የንግሥቲቱን ደብዳቤ ይዞ ተነሣ፤ አሁን ደግሞ ዝም የማለት ተራው የንጉሡ ሆነና ምጽዋ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ የመግቢያ ፈቃድ ሲጠብቅ ከረመ። ቴዎድሮስ ፊት የቀረበው በ1858 ጥር ነው። ውሎ አድሮ እሱም ታሰረ።

ከዚያ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒር 13 ሺህ ያህል ወታደርና ከሕንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች ይዞ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሽጉጡ ቀደም ሲል ንግሥቲቱ በስጦታ የላኩላቸው ነበር። ዘመቻው የእንግሊዝን ግምጃ ቤት ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ አስወጣው፤ በእንግሊዝ የአገር ውስጥ ደብዳቤ በ1 ፔኒ ቴምብር በሚሄድበት ዘመን።

ይህን ሳወራ ጠረጴዛው ዝም አለ። የክብሪት እንጨቱን የያዘው ሰው እንጨቱን ወደ ቀፎው መለሰ።

«ታዲያ ምን ነበረበት» አሉ ባለባርኔጣው፣ «አንዲት መስመር ቢጽፉላቸው?»

ሁላችንም ተስማማን። ከሁሉም ጮክ ብዬ የተስማማሁት እኔ ነበርኩ። ሒሳብ ላይ ተነሥቶ የነበረው ትግል ጋብ ሲል ስልኬን ከጠረጴዛው አነሣሁ። የአክስቴ መልእክት አለ፤ «ሰላም ነህ ልጄ? ድምፅህ ጠፋ» ይላል። ሰኞ የላከችው ነው።

ዛሬ ሐሙስ ነው።